ለዳማ የመጡ ሽማግሌዎች

አባቴ ሞተር ብስክሌቱን «ዳማ» እያለ ይጠራት ነበር፤ ቀለሟ እንደ ዳማ ፈረስ ቀይ ሆኖ ወደ ቡናማ ያደላ ስለነበረ። ዳማን አንድ ፋብሪካ አልሠራትም። ሻንሲዋ ከአንዷ፣ ሞተሯ ከሌላዋ፣ ፓውዛዋ ደግሞ ከአሮጌ የጭነት መኪና የመጣ ነው። አባቴ፣ አቶ ረታ፣ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ሳለ ከሥራ መልስ በጉርድ ሾላው ግቢያችን፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አራት ዓመት ፈጅቶ ገጣጠማት። የጨረሳት እኔ በተወለድኩበት ዓመት ነው። እናቴ ስትናደድ «ረታ ሁለት የበኩር ልጅ አለው፤ አንዱ ቤንዚን ይጠጣል» ትላለች።

በ1989 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አባቴን ዓይን ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ወሰድኩት ስል በዳማ እሱ እየነዳ፣ እኔ ከኋላው ተቀምጬ ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ብዙ ጊዜ ወስዳ መረመረችውና መብራቱን አጠፋች።

«የግራ ዓይንዎ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል» አለችው። «ግላኮማ ይባላል። ቀኙን በጠብታ እናቆየዋለን፤ የግራው ግን አይመለስም። መኪና ይነዳሉ?»

«መኪና የለኝም» አለ አባቴ።

እውነቱን ነው፤ መኪና የለንም። ጉሮሮዬን ስጠርግ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

«ሞተር ብስክሌት አለው» አልኩ እግሬን ስቤ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እሱማ የባሰ ነው፣ አባባ። ከግራ የሚመጣ ነገር አይታይዎትም። ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብዎ።»

አባቴ ቀድሞኝ ወጣ። ዳማ አጠገብ ስንደርስ ዞር ብሎ በቀኝ ዓይኑ አየኝ።

«ለእናትህ ልትነግራት ነው?»

«መንገር ያለብህ አንተ ነህ።»

«እነግራታለሁ፤ በራሴ ጊዜ። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። አባዬ ይሙት በል።»

«አባዬ…»

«በል።»

«አባዬ ይሙት» አልኩ።

በቤታችን ይህ መሐላ ቀልድ አይደለም። ሀይሚ፣ ታናሽ እህቴ፣ በስምንት ዓመቷ ስኳር ሰርቃ በሐሰት ምላ፣ በማግስቱ አባቴን ወባ ሲጥለው ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ ደግሞ ኮሌጅ የጨረስኩ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር፣ የሃያ አምስት ዓመት ሰው ነኝ። ወባ በመሐላ እንደማይመጣ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስረዳለሁ። ቢሆንም አላፈረስኩትም።

አባቴ ፔዳሉን ረግጦ ዳማን አስነሳ። ከኋላው ተቀምጬ እስከ ቤት ድረስ ለሁለታችንም ወደ ግራ አየሁ።

ይቅርብዎ የተባለው አልቀረም። «ቀስ ብዬ እተዋለሁ» ይለኛል፤ ማለዳ ግን ሀይሚን ከኋላው ጭኖ ወደ ትምህርት ቤት ይወጣል። ለብቻችን ሆነን «ቢያንስ ሀይሚን አታሳፍራት» ብዬ ለመንኩት። አንድ ሳምንት ሰማኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት ታክሲ ጠፋ፣ ልጅቷ አረፈደች፣ ነገሩ እንደገና ተጀመረ። ኅዳር ላይ የዳማ ግራ ጎን በግቢያችን የብረት በር ተፋቀ። አባቴ «የሰፈር ልጆች ናቸው በድንጋይ የጫሯት» አለ። ታኅሣሥ ላይ ሌላ ጭረት ታየ። ጥር ሲብት ሀይሚ ራት ላይ እየሳቀች «ዛሬ አይሱዙ ሊበላን ነበር፤ አባዬ እንኳን አላየውም» አለች።

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አባቴ «አይቼዋለሁ፤ እንድትፈራ አልፈለግኩም» ብሎ ጎረሰ። እኔ መጉረስ አልቻልኩም።

ለምን ዝም አልክ የሚለኝ ሰው ይኖራል። መሐላው አንዱ ነው። ሌላም ነበር። አባቴ ጡረታ ሲወጣ ጋራዡን፣ ደመወዙን፣ «ዋና መካኒክ» የሚለውን ስም በአንድ ቀን አስረክቧል። አሁን ደግሞ ዳማን ልጁ ቢነጥቀው ምን እንደሚቀረው አላውቅም ነበር። ራሱ እንዲተዋት ፈለግኩ። ግን ደግሞ በየጠዋቱ ከኋላው የምትቀመጠው የእኔ እህት ናት። በዚህ ጉዳይ ላይ ትዕግሥቴ ትክክል ነበር አልልም። ዕድል ረድቶኛል እንጂ።

መጀመሪያ የሞከርኩት በደላላ ነው። ቦሌ አሌክስ የሚባል፣ መነጽሩን ከግንባሩ ላይ የማያወርድ ልጅ አለ፤ አሮጌ ነገር ከሚወዱ ፈረንጆች ጋር ያገናኛል አሉኝ። አንድ ቅዳሜ ቤት ድረስ አመጣሁት። አሌክስ ዳማን ዞሮ አየና አፏጨ።

«ፋዘር፣ ይቺማ አሪፍ ናት። ጭራሽ ሙዚየም። አንድ ጣሊያን አለኝ፣ ሳሎኑ ውስጥ ያቆማታል።»

«ሳሎን ውስጥ?» አለ አባቴ።

«አዎ። ምንጣፍ ላይ። አትነዳም፣ አትቆሽሽም፣ እንደ ሥዕል ነው የምትታየው።»

«ቤንዚኗስ?»

«ይደፋል፣ ፋዘር። ምን ያደርግላታል?»

አባቴ በሩን ከፈተለት። «ልጄ፣ አንተን ራስህን ምንጣፍ ላይ አቁሞ የሚያይህ ይዘዝብህ» አለው፤ ድምፁን ግን ከፍ አላደረገም። አሌክስ ሲወጣ በጆሮዬ «ሽማግሌው ከረር ይላሉ» አለኝና ለታክሲ ብር ተቀብሎኝ ሄደ።

ሁለተኛው ፈላጊ በራሱ የመጣ ነው። ሙዘሚል ሩዋንዳ አካባቢ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው የስልጤ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ሁለት ሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። አባቴ ካንዴላና ኩሽኔታ የሚገዛው ከእሱ ዘንድ ነበር። ሙዘሚል ዳማን ሱቁ በር ላይ ስትቆም ባየ ቁጥር ደንበኛ ትቶ ይወጣል፤ የሞተሯን ድምፅ ሰምቶ ቫልቩ መቼ እንደተስተካከለ ይናገራል። አባቴ ቤት መጥቶ ይህንን ያወራ ነበር፤ እንደ ቅሬታ አስመስሎ፣ በደስታ።

«ጋሽ ረታ፣ ለእኔ ይሽጡልኝ» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀው። አባቴ ሁለቴም «ዳማ አትሸጥም» አለው።

ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። ስለ ዓይኑ አልነገርኳትም፤ ሙዘሚል ጠይቆ አባቴ እንቢ እንዳለ ብቻ። እናቴ፣ ወይዘሮ ተናኜ፣ ምስር እየለቀመች ነበር።

«እንዴት ብሎ ጠየቀው?»

«ሱቁ በር ላይ። ‘ይሽጡልኝ’ ብሎ።»

«እንዲህ ተብሎማ አይሰጥም» አለች፤ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ። «እኔን ሲጠይቅ አባትህ ሦስት ጊዜ ነው ሽማግሌ የላከው። አባቴ በሦስተኛው ነው እሺ ያሉት። ረታ እንቢ ማለት ይችልበታል፤ ፊቱ ሽማግሌ ቆሞ ግን እንቢ ማለት አይችልም። ሙዘሚል ሽማግሌ ይላክ።»

«ለሞተር ብስክሌት?»

«ለልጁ ነው የሚላከው። እሱ ልጄ ነው የሚላት እንጂ እኔ መቼ አልኩ?»

በማግስቱ ሩዋንዳ ሄጄ ለሙዘሚል ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። «የአጎቴ የሐጂ ሐምዛ ቃል ይሰማል» ብሎ ወዲያው ስልክ አነሳ። እናቴ ደግሞ በበኩሏ የዕድራችንን ሊቀመንበር ጋሽ ወልደጻድቅን አነጋገረች። እሳቸው አቶ ገብረእዝጊ የሚባሉ፣ ዝም በማለታቸው የታወቁ ጎረቤት ጨመሩ። ሦስት ሆኑ።

የመጡት በየካቲት የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ሳሎን ገብተው በአንድ መስመር ቆሙ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ፤ አረፍ በሉ» አለ አባቴ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ። ጋሽ ወልደጻድቅ የአባቴ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ናቸው፤ በሌላ ቀን ሳይጋበዙ ተቀምጠው፣ ሳይጋበዙ የሚጠጡ ሰው ናቸው። «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፣ አቶ ረታ። ጉዳያችን ሳይሰማ ቁጭ አንልም።»

«አቶ ረታ?» አለ አባቴ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አቶ ብለውት አያውቁም። ሦስቱን ሽማግሌዎች አየ፣ ነጠላቸውን አየ፣ የሐጂ ሐምዛን ከዘራ አየ። ከዚያ ወደ ጓዳው በር ዞረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልጄ ገና አሥራ ስድስቷ ነው» አለ። «ዘጠነኛ ክፍል ናት። የላካችሁ ማንም ይሁን፣ የጨዋ ልጅም ይሁን፣ ገና ትማራለች። አክብራችሁ መጥታችኋል፣ እኔም አክብሬ እመልሳችኋለሁ።»

ከበሩ ኋላ አንድ ነገር ወደቀ። «እኔ ማንንም አላውቅም፣ አባዬ» የሚል የሀይሚ ድምፅ ተሰማ።

ጋሽ ወልደጻድቅ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የተናገሩት ሐጂ ሐምዛ ናቸው።

«ልጅዎ ትማር፤ አላህ ያሳድግልዎ። እኛ ለእሷ አይደለም የመጣነው። የወንድሜ ልጅ ሙዘሚል ዳማን ወዷት፣ በወግ በሥርዓት እንድትሰጡት ልኮን ነው።»

አባቴ መጀመሪያ ተቀመጠ፤ ወዲያው ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ መሆናቸውን አስታውሶ ተነሳ። ሽማግሌ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም። እናቴን ፈለገ። እናቴ በጓዳው በር ላይ ቆማ ኮርኒሱን ትመረምር ነበር። እኔንም አየኝ። እኔ የምመረምረው ነገር ስላልነበረኝ መሬት አየሁ።

«ገባኝ» አለ አባቴ በመጨረሻ። «እሺ፣ ተቀመጡ። መስማት አልከለክልም።»

ተቀመጡ። አባቴ ጥቂት አሰበና ወንበሩ ላይ ተመቻቸ፤ ነገሩ ሳይወድ ያስደሰተው ይመስል ነበር።

«ልጅ ሲጠየቅ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ታውቃላችሁ።»

«እናውቃለን» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ። «እንመላለሳለን። ጫማችን ሲያልቅ የሚገዛልን ሙዘሚል ነው።»

«ልጁስ እንዴት ያለ ነው? ይጠጣል?»

«አይጠጣም» አሉ ሐጂ ሐምዛ።

«ይቅማል?»

ሐጂ ሐምዛ ከዘራቸውን አሻሹ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ይቅማል። አልዋሽዎትም።»

«ቅሞ ይነዳል?»

«ቅሞ ሱቁ ውስጥ ይቀመጥና ዕቃ ይደረድራል። የሱቁ መደርደሪያ በየቅዳሜው ቦታው ይለዋወጣል።»

አባቴ ሳቀ። በዚያ ሰሞን ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። «ደህና» አለ። «ሰው ሲዋሽ አልወድም።»

«እኛም እንጠይቅ» አሉ ሐጂ ሐምዛ። «የልጅቷን ዘር ይቁጠሩልን።»

አባቴ ለዚህ ተነስቶ ወደ ግቢ አወጣን። ዳማ በጥላዋ ሥር ቆማለች። እሱ ከፊት ቆሞ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በእጁ እየነካ ቆጠረ። ሻንሲዋ አንድ ጋራዥ ዘግቶ ወደ አገሩ የሚመለስ ጣሊያን በርካሽ የለቀቀው ነው። ሞተሯ ጎርፍ ከወሰደው የአንድ ነጋዴ ሞተር ብስክሌት የወጣ ነው፤ አሸዋው ታጥቦ እስኪያልቅ ሦስት ወር ፈጀ። የቤንዚን ቋቷን ራሱ አባቴ ከበርሜል ቆርቆሮ ቀጥቅጦ አወጣው። መቀመጫዋን ኮርቻ የሚሠራ ሰው ሰፋው፤ ስፌቱ ዛሬም የፈረስ ኮርቻ ስፌት ነው። ሲናገር ድምፁ እየሞቀ ሄደ። ጋሽ ወልደጻድቅ «እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አንሆንም፤ ጋብቻው ይፈቀዳል» አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አቶ ገብረእዝጊ አንድ ቃል አልተናገሩም። በዳማ ግራ በኩል ዞረው ጎንበስ ብለው ነበር። አሁን ቀና አሉ።

«አቶ ረታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት ትራፊክ ፖሊስ ነበርኩ፤ ዓይኔ ይህንን ሳያይ አያልፍም። ጭረቱ በግራ ብቻ ነው። አሮጌም አዲስም አለበት። ልጆች የጫሩት አይደለም፤ አንድ ጊዜ ወድቃም እንዲህ አትሆንም። ወደ ግራ የምትስብ ሞተር ናት እንዲህ የምትሆነው። ከሁለት የተገጠመች ናት ብለውናል። ሻንሲዋ ተጣሞ ይሆን?»



«ነውር ካለባት ልጁ አውቆ ይግባበት» አሉ ሐጂ ሐምዛ በለሰለሰ ድምፅ። «ጠልተን አይደለም። ማወቅ ግን አለብን። የምትስብ ከሆነች እውነቱን ለመናገር አንወስዳትም፤ የወንድሜ አደራ አለብኝ።»

እኔ በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ታየኝ። አባቴ «አዎ፣ ትስባለች» ቢል ነገሩ ያልቃል። ሽማግሌዎቹ መርቀው ይወጣሉ፤ የዓይኑን ነገር ማንም አይጠይቅም፤ ዳማም እዚሁ ትቀራለች። ሰኞ ጠዋት ሀይሚ ከኋላው ትወጣለች። ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ከአሁን አሁን አለው ብዬ ጠበቅኩ። ካለው ደግሞ መሐላዬን እዚያው ቆሜ ላፈርስ ወሰንኩ።

አባቴ አቶ ገብረእዝጊን አያቸው። የታየበት ቁጣ አልነበረም፤ ልጁ ሌባ ተብላ የተሰደበችበት ሰው ፊት ነበር።

«ክር አምጣ» አለኝ።

ከመሣሪያ ሣጥኑ ረጅም ሲባጎ አመጣሁ። አባቴ ተንበርክኮ የክሩን ጫፍ ከኋላ ጎማው ጋር አሰረና ወደ ፊት ጎማው ወጥሮ አመጣው። መካኒክ ሻንሲ ቀጥ ማለቱን የሚያየው በዚህ ነው፤ ክሩ የሁለቱን ጎማዎች አራት ጠርዝ እኩል ከነካ ማሽኑ አልተጣመመም። በግራ ወጠረ፣ አሳየ። በቀኝ ወጠረ፣ አሳየ።

«ይምጡ፣ በጣትዎ ይዩት» አላቸው።

አቶ ገብረእዝጊ ተንበርክከው በጣታቸው ሄዱበት። አራቱንም ነኩ። «ቀጥ ያለች ናት» አሉ።

«ሃያ አምስት ዓመት አንድ ቀን ወደ ግራ አልሳበችም» አለ አባቴ። «እጄን ለቅቄ ብነዳት እንኳን አትስብም።»

«ታዲያ ጭረቱ?»

አባቴ ክሩን በቀስታ በጣቱ ጠቀለለው። ጠቅልሎ ሲጨርስ አልተነሳም፤ እዚያው እንደተንበረከከ ተናገረ።

«ጭረቱ የእኔ ነው። ዳማ እንከን የለባትም። የግራ ዓይኔ አያይም።»

 ከኋላችን የእናቴ ድምፅ መጣ። መቼ እንደወጣች አላየኋትም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሐኪሟ የነገረችኝ ጥቅምት ነው። ከዚያ በፊትም ሳይሆን አይቀርም።»

«ሀይሚን እያሳፈርክ?»

«እያሳፈርኩ።»

 እናቴ ትጮሃለች ብዬ ነበር። ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ታውቅ ነበር?»

«እሱን ተይው» አለ አባቴ። «አስምዬው ነው። በእኔ ሞት አስምዬው።» ቀና ብሎ በቀኝ ዓይኑ ፈለገኝ። «ፈትቼሃለሁ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ፈትቼሃለሁ።»

የውኃ በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።  ሀይሚ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «አይሱዙውን እውነትም አላየውም ነበር ማለት ነው» አለች፤ አሁን አልሳቀችም። እጇን ያዝኩ።

ጋሽ ወልደጻድቅ ጎንበስ ብለው አባቴን በብብቱ ይዘው አነሱት። ሽማግሌነቱን ትተው ወደ ጓደኝነታቸው ተመልሰው ነበር። «አንተ ደደብ» አሉት በጆሮው፤ ሁላችንም ግን ሰማን። «ለእኔ እንኳን አትነግረኝም?»

«ለአንተ መንገር ለዕድሩ በሙሉ በጥሩንባ መንገር ነው።»

«እሱስ እውነት ነው።»

ሐጂ ሐምዛ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ጠበቁ። ሰዎቹ ሲረጋጉ «አቶ ረታ» አሉ፣ «የራሱን ጉድለት ተናግሮ የልጁን ስም የሚያነጻ አባት አላየሁም። መቼ እንመለስ?»

አባቴ ቀጠሮ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት እናቴ ቀደመችው።

«ዛሬ እሺ ይባላል» አለች። «በመጀመሪያው ቀን።»

«ወጉስ?» አለ አባቴ።

«ወጉን እኔ ጨርሼልሃለሁ። አባቴ ሦስት ጊዜ አመላልሰውህ አይደል? ከዚያ የተረፈው ይበቃል።»

አባቴ ዳማን አየ። ከመቀመጫዋ ላይ የሌለ አቧራ ጠረገ። «እሺ ብያለሁ» አለ። «ዋጋውን እናንተው ቁረጡት። አንድ ነገር ብቻ፤ ሳሎን ውስጥ አትቆምም።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ጋሽ ወልደጻድቅ በእግዚአብሔር ስም ጀመሩ፣ ሐጂ ሐምዛ በዱዓ ጨረሱ፤ እኛም ለሁለቱም አሜን አልን። አቶ ገብረእዝጊ ወደ ዝምታቸው ተመልሰው ነበር። ሲወጡ ግን አባቴን በሩ ላይ አቆሙትና «ክሩን እንዴት እንደሚወጥሩት አንድ ቀን ያሳዩኛል?» አሉት። አባቴ «በፈለጉት ቀን» አላቸው።

ሊብሬውን በሙዘሚል ስም ማዞሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሀይሚ ትምህርት ቤት የምትሄደው በታክሲ ነበር፤ የዳማ ቁልፍ ከእናቴ መቀነት አልወጣም። አባቴ አንድም ቀን አልጠየቃትም።

የርክክቡ ቀን ሙዘሚል ራሱ መጥቶ እየነዳ ወሰዳት። አባቴ ከኋላ ተቀመጠ። እኔ በታክሲ ተከትዬ ሩዋንዳ ሱቁ ጋ ስደርስ ሁለቱም ወርደው ይከራከሩ ነበር።

«ጠዋት ስታስነሣት በመጀመሪያው ርግጫ አትነሳም፤ ሁለተኛውን ጠብቅ» ይላል አባቴ። «በመጀመሪያው ከተነሳች ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው።»

«ዛሬ በመጀመሪያው ነው የተነሳችልኝ፣ ጋሽ ረታ።»

«ስለማታውቅህ አክብራህ ነው። ነገ ታየዋለህ።»

«ማርሽ አራተኛው ላይ ትንሽ ትከብዳለች።»

«አትከብድም። አንተ ነህ ፍሪሲዮኑን ሳትጨርስ የምትለቀው። እጅህን አየሁት።»

ሙዘሚል ሻይ አስመጣ። ሲጠጡ የሱቁ ደንበኞች በየተራ እየወጡ ዳማን አዩ፤ አባቴ ለአንዱ ሰውዬ ዘሯን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቆጠረለት። ሲሰናበቱ ሙዘሚል «ስትናፍቅዎት ይምጡ፤ ከኋላ አስቀምጬ አዞርዎታለሁ» አለው። አባቴ «አራተኛውን ማርሽ ስትማር ጥራኝ» አለና እጁን ጨብጦት ወጣ።

መንገድ ልንሻገር ስንል አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። መኪኖቹ ከግራ ይመጡ ነበር። በቀኙ ከቆምኩበት አንሥቶ በግራው አቆመኝና ክንዴን ያዘ።

«ሲያልፉ ንገረኝ» አለ።

«ቆይ» አልኩት። ሁለት ሚኒባስና አንድ ቮልስዋገን አለፉ። «አሁን።»

እስከ መገናኛ ባንድ ታክሲ፣ ከመገናኛ ደግሞ በሌላ ሄድን። በሁለተኛው አባቴ ከሾፌሩ ጎን ገቢና ገባ፤ እኔ ከኋላው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ታክሲው ገና የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ሲቆም ሾፌሩን «ፍሬንህ ያፏጫል፤ ሸራው አልቋል» አለው።

«ትናንት ነው ያስቀየርኩት፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሠርተንልሃል ያሉህ ሰዎች ሸራውን አልነኩትም፤ የነኩት ኪስህን ነው።»

ወያላው ሳቀ፣ ሾፌሩም ሳቀ። አባቴ ስለ ፍሬን ሸራ ማስረዳት ጀመረ። ድምፁ እንደ ድሮ ነበር፤ ከጋራዥ ተመልሶ እራት ላይ የማንን ሞተር እንዴት እንደፈታ እንደሚነግረን ጊዜ። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ፀሐይ ትከሻዬ ላይ አርፋለች። ጭንቅላቴን ወንበሩ ላይ አስደገፍኩ። በቀን ተኝቼ አላውቅም።

አባቴ ጉልበቴን ሲነካኝ ነቃሁ።

«ጸጋአብ፣ የት ነን?»

በመስኮት አየሁ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ነበር። ጉርድ ሾላን አልፈን ሲኤምሲ ደርሰናል።

«አንተ አይደለህ የምታየው?» አልኩት ዓይኔን እያሻሸሁ።

«እኔ ሰውዬውን ሳስተምረው ነበር» አለ። «አንተ ግን እንደ ሕፃን ታንኮራፋ ነበር። ሾፌሩ እንኳን ክላክስ መንፋት ተወ።»

ወረድን። ወያላው «አባባ፣ በሚቀጥለው በነፃ ነው፤ እየገሠጹን ይሄዳሉ» ብሎ በሩን ዘጋ። ወደ ጉርድ ሾላ የሚመለስ ታክሲ ቆሞ ይጠራ ነበር። አባቴ አየውና በእግር እንሂድ አለ። እኔም ደስ አለኝ። ክንዴን ያዘና መንገዱን ይዘን ቁልቁል ጀመርን፤ እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ፤ ስለ ፍሬን ሸራ ለሾፌሩ ሳይነግረው የቀረውን ለእኔ እየነገረኝ።